ፎንቱን መጀመሪያ አሳንሱት

ውድ ወጣት ዲዛይነሮች፣

አዲስ ሳንስ ሰሪፍ ፎንት (ፊደሎቹ ጫፋቸው ላይ ትንንሽ ጭረት የሌላቸው) በወጣ ቁጥር ልባችሁ እንዴት እንደሚነሳ አውቃለሁ። እኔም ያው ነኝ፤ ሽበቱ አላስተወኝም። ግን ልብ የሚሰርቀው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያው ነው። አንድ ቃል በግዙፍ ፊደል፣ በባዶ ገጽ መሃል ይቀመጣል። በዚያ መጠንማ የማያምር ማን አለ?

ስለዚህ አሳንሱት። ሙሉ አንቀጽ በ9 ነጥብ (ፖይንት) መጠን ጻፉና በወረቀት አትሙት። ከዚያ የላቲኑን ፊደል የሲን (C) አፍ ተመልከቱ። ሄልቬቲካ በሚባለው ታዋቂ ፎንት የሲ ሁለት ጫፎች ወደ ውስጥ ታጥፈው ሊገናኙ ይደርሳሉ። ሲያንስ ከኦ ጋር ይምታታል። የፎንት ዲዛይነሩ አድሪያን ፍሩቲገር ለፓሪሱ ሻርል ደጎል አየር ማረፊያ ምልክቶች በሠራው ፎንት ግን አፉ ክፍት ነው። ሻንጣ እየጎተተ የሚሮጥ መንገደኛ ከሩቅ ማንበብ ነበረበታ!

አንዴ የስጦታ ካርድ ሠራሁ። ደንበኛው ኢንተርኔት ላይ የሚያስገባው ኮድ ነበረበት። ፎንቱን የመረጥኩት ስለወደድኩት ብቻ ነው። ትልቁ አይ (I) እና ትንሹ ኤል (l) ሁለቱም ቀጥ ያሉ እንጨቶች፣ ኦ እና ዜሮም መንትዮች ነበሩ። ካርዱ ታትሞ ሲበተን ጉዴ ፈላ። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ፤ «ኮዱ አይሠራም!» ጥፋቱ የፎንቱ አልነበረም፣ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ እነዚህን ጎን ለጎን ሳልጽፍ ፎንት አልመርጥም። ትንንሾቹ አር እና ኤን (rn) ተጠጋግተው ኤም (m) መምሰል አለመምሰላቸውንም አያለሁ።

ቁጥሮችንም በሰንጠረዥ ደርድሩ። 1 ከ8 ከቀጠነ፣ 1,111 እና 8,888 አንዱ ካንዱ ሥር ሲገቡ አይገጥሙም። ብዙ ጥሩ ፎንቶች ለሰንጠረዥ የሚሆኑ እኩል ስፋት ያላቸው ቁጥሮች አሏቸው። መኖራቸውን ሳታዩ ሒሳብ ነክ ሥራ አትጀምሩ።

ዘጠኝ ውፍረት አለው ሲሏችሁ አትጓጉ። እኔ በአንድ ሥራ ከሦስት በላይ የተጠቀምኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ይልቅ ሬጉላሩና (መደበኛው) ቦልዱ (ወፍራሙ) በትንሽ መጠንም ይለያሉ ወይ? ላይሰንሱንም (የአጠቃቀም ፈቃዱን) አንብቡ። ለኮምፒውተር የተገዛው ለድረ ገጽና ለአፕ ላይፈቀድ ይችላል። አሰልቺ ነው፣ ምን ይደረግ።

ይህን ስጽፍ ስክሪኔ ላይ አንድ አዲስ ፎንት ተከፍቷል። ትንሿ ጂ በጣም ታምራለች። አይና ኤልን ግን ገና አልጻፍኩበትም።