ከዳይፐሩ ጀምሩ፦ ሞግዚቶችን ለማሠልጠን ለተነሣችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የሚይዙ ሞግዚቶችን አሠልጥኑ ስትባሉ፣ መጀመሪያ ሐሳባችሁ የሚሄደው ወደ አዳራሽ፣ ወደ ፕሮጀክተርና ወደ ምስክር ወረቀት ነው። እሱን አቆዩትና የሕፃናት ማቆያውን በር ከፍታችሁ ግቡ። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናት ከወለደች በኋላ የሚሰጣት ዕረፍት 90 የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ማቆያ የሚመጣላችሁ ልጅ ገና አራት ወር ገደማው ሊሆን ይችላል። ይህ ልጅ ከሞግዚቷ ጋር ዓይን ለዓይን የሚገናኘው መቼ ነው? ዳይፐር ሲቀየርለት፣ ሲመገብ፣ ሲታጠብ፣ ሊተኛ ሲል። ትምህርቱም ያለው እዚያው ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የፊደል ገበታ ለእሱ ምኑም አይደለም።

እንግዲህ ከዳይፐሩ ጀምሩ። ብዙ ጊዜ የምታዩት ይህን ነው፦ ሞግዚቷ ከኋላ ትመጣለች፣ ልጁን በብብቱ ይዛ ብድግ ታደርገዋለች፣ ከባልደረባዋ ጋር እያወራች ቶሎ ቶሎ ትጨርሳለች። ልጁ ይወራጫል፣ እሷ እግሩን ጠበቅ ታደርጋለች፣ እሱ ያለቅሳል። አሁን እንዲህ አለማምዷት። ንጹሕ ዳይፐር፣ ለብ ያለ ውሃና ጨርቅ አስቀድመው እጇ በሚደርስበት ይቀመጡ፤ ልጁን ጠረጴዛ ላይ ካስተኛችው በኋላ አንድ እጇ ከእሱ አይነሣም። በፊት ለፊቱ ትምጣና በስሙ ትጥራው። «ዳይፐርህን ልቀይርልህ ነው» ብላ ሁለት እጇን ትዘርጋለት። ከዚያ ዝም ብላ በልቧ እስከ አምስት ትቁጠር።

ሠልጣኞች በጣም የሚከብዳቸው ይህ ዝምታ ነው፤ እናንተም ብዙ ጊዜ የምትሰጡት ለእሱ ይሁን። የሕፃን መልስ ዘግይቶ ይመጣል። የአራት ወሩ ዓይኑን ያነሣል፣ የስምንት ወሩ ክንዱን ይዘረጋል፣ ዓመት ያለፈው አንዳንዴ እምቢ ብሎ ፊቱን ያዞራል። መልሱን ካየች በኋላ ታንሣው። «እግርህን ከፍ እናድርግ» እያለች በየጊዜው ከጠበቀችው፣ ውሎ አድሮ እግሩን ራሱ ያነሣላታል። ሐንጋሪያዊቷ የሕፃናት ሐኪም ኤሚ ፒክለር እ.ኤ.አ. በ1946 ቡዳፔስት ውስጥ የሕፃናት ማሳደጊያ ከፍታ ሠራተኞቿን ስታሠለጥን መሠረት ያደረገችው ይህንኑ የእጅ ሥራ ነበር፦ እጅ ሳይቸኩል፣ ልጁ እየተነገረውና እየተሳተፈ።

ልጁን ፊት ለፊት እያዩ መልሱን መጠበቅ ለምን እንደሚያስፈልግ በቃል ብትነግሯቸው ብዙም አይገባቸውም፤ ይቅመሱት። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አስቀምጧቸው። አንዷ ትናንት ማታ የሠራችውን ታውራ፣ ሌላዋ ፊቷን እንደ ድንጋይ አድርጋ ለአንድ ደቂቃ ትያት። ተናጋሪዋ ደቂቃው ሳይሞላ ትደናቀፋለች ወይም ታቆማለች። ሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ በእናቶችና በሕፃናት ላይ ያየው ይህን ነው፤ የእናቱ ፊት ሲደነዝዝበት ሕፃኑ መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ሊያባብላት ይሞክራል፣ ከዚያ ፊቱን ያዞራል፣ በመጨረሻ ይከፋዋል። ይህን በሕፃን ላይ አትሞክሩ፤ በራሳቸው ላይ ካዩት ይበቃል። ስልኳ ላይ ያቀረቀረች ሞግዚት ፊትም ለልጁ እንደዚያ መሆኑን ከዚያ በኋላ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

በምግብ ላይ የምትታገሉት ልማድ መጋት ነው። ልጁን ጭን ላይ አንጋሎ፣ መዳፍን አፉ ሥር አድርጎ አጥሚት ማንቆርቆር ጊዜ ይቆጥባል፤ ግን ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ ልጁም ምግብ ባየ ቁጥር መፍራት ይለምዳል፣ ርሃቡንና ጥጋቡን መለየትም ይጠፋበታል። ቀና ብሎ ይቀመጥ። የስድስት ወር ልጅ በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ይጀምራል፤ ገንፎው ማንኪያው ላይ የሚቆም እንጂ የሚፈስ አይሁን። አፉን ከከፈተ ይጉረስ፣ ራሱን ካዞረ ማንኪያው ይመለስ። አንድ ማንኪያ ለእሱም ስጡት፤ ይደፋል፣ ይደፋ።

ሠልጣኞቻችሁን እንደ ባዶ ሰው አትዩዋቸው። ብዙዎቹ ታናናሾቻቸውን አዝለው ያሳደጉ ናቸው፤ እሹሩሩውንም፣ ልጅን በአንቀልባ ይዞ ማረጋጋትንም ከእናንተ የተሻለ ያውቃሉ። ከሚያውቁት ተነሡ። የሚያፍሩት አንድ ነገር አለ፦ ገና መናገር ከማይችል ልጅ ጋር ማውራት። «ምን ይሰማል ብለሽ ነው?» እንዳይባሉ ይሰጋሉ። መጀመሪያ የሚያደርጉትን ብቻ እየተናገሩ ይሥሩ፦ «ካልሲህን አወለቅነው፣ ይኸው እግርህ»። በእንግሊዝኛ አናግሩ የሚሉ የማቆያ ባለቤቶች ያጋጥሟችኋል። አጥብቃችሁ ተከራከሩ። ሞግዚቷ በማታውቀው ቋንቋ አሥር ቃል ከምትደጋግምለት ይልቅ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በጉራግኛ አፏን ስትፈታ የሰማችውን ብታወራውና ብትዘፍንለት ልጁ እጅግ ብዙ ያገኛል።

መጫወቻ የለንም የሚለውን ምክንያት አትቀበሉ። ጃማይካ፣ ኪንግስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረው ጥናት፣ የሳሊ ግራንታም-ማክግሪጎር ቡድን ያሠለጠናቸው የጤና ረዳቶች በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት፣ ለሁለት ዓመት፣ የቀነጨሩ ሕፃናት ቤት እየሄዱ እናትና ልጅን አብረው ያጫውቱ ነበር። መጫወቻው በቤት ዕቃ የተሠራ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች ካልተጎበኙት መሰሎቻቸው 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው። ሰፌድ፣ ክዳን ያለው ሳህን፣ ነጠላ፣ ውስጡ ሽምብራ ያለበት ሃይላንድ ይበቃል። የሃይላንዱ ክዳን ግን በማጣበቂያ ይታሸግ፣ በየጠዋቱም ይፈተሽ። የሽንት ቤት ወረቀት በሚጠቀለልበት የካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ያንቃል፦ ቆርኪ፣ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ። ዓመት ያልሞላው ልጅ ታንቆ ማሳልም ማልቀስም ካቃተው፣ ጭንቅላቱ ዝቅ ብሎ ትከሻዎቹ መሃል 5 ጊዜ ይመታ፣ ተገልብጦ ደረቱ 5 ጊዜ ይጫን፤ እየተፈራረቀ ይቀጥል። ሆዱ አይጫን፣ የማይታይ ነገር ፍለጋም ጣት ጉሮሮው ውስጥ አይገባም። ይህን በአሻንጉሊት ላይ እያንዳንዷ ሳትሠራው ወደ ቤት አትሂድ።

አሁን ወደ ኃላፊው ቢሮ ግቡ፤ ምክንያቱም ስምንት ሕፃን ብቻዋን የያዘች ሞግዚት የነገራችኋትን ልታደርግ አትችልም። ስሌቱን ወረቀት ላይ አሳዩት። በአግባቡ የተቀየረ ዳይፐር 5 ደቂቃ ይወስዳል፤ አንድ ልጅ በቀን 5 ጊዜ ቢቀየርለት ለስምንቱ 200 ደቂቃ ይሆናል፣ ከሦስት ሰዓት በላይ። ለአራት ልጅ 100 ደቂቃ ነው። ዓመት ላልሞላቸው ለአንዲት ሞግዚት ሦስት፣ ቢበዛ አራት ልጅ ጠይቁ፤ በየወሩ እንዳትቀያየርም። የደከማት ሞግዚት ልጅ ሲያለቅስባት ልትነቀንቀው ትችላለች፤ መነቅነቅ ደግሞ የሕፃን አንጎል ያደማል። ብስጭቷ ሲመጣ ልጁን አልጋው ላይ በጀርባው አስተኝታ፣ ባልደረባዋን ጠርታ ወጣ እንድትል የሚፈቅድ ደንብ ግድግዳው ላይ ይጻፍ።

ከሥልጠናው ሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ጥግ ላይ መሬት ቁጭ ብላችሁ አንዷን ለ10 ደቂቃ ብቻ ተመልከቱ፤ ልጁ ድምፅ ባሰማ ቁጥር አንድ መስመር፣ እሷ በመለሰችለት ቁጥር ሌላ መስመር አስምሩ። ከዚያ ኃላፊዋ በሌለበት፣ መስመሮቹን እያሳያችሁ አንድ ያማረላትን፣ አንድ ደግሞ የምታሻሽለውን ንገሯት። ሁለተኛ የሚሻሻል ነገር ካያችሁ ለሚቀጥለው ጉብኝት ያዙት። ይህን ስታወሩ ልጆቿን የሚይዝላት ሰው ይኑር።