ከ45 ዓመት በኋላ በአሜሪካ የበረራ አስተናጋጅነት፦ ጥያቄና መልስ

ጃምፕሲት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምመልሰው ስለ አሜሪካ አየር መንገዶች ብቻ ነው። አስቀድሜ ግን፦ ሥልጠናውን ጨርሳችሁ የአስተናጋጅነት ምልክቱ ክንፉ ደረታችሁ ላይ ሳይሰካ ያላችሁን ሥራ አትልቀቁ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቁ። ሥልጠናው ሳምንታት ይወስዳል፣ መሀል ላይ የሚወድቅም አለ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ እትዬ፣ 52 ሞላኝ። ዕድሜ ያግደኛል?

ጃምፕሲት፦ አያግድህም። 65 ሲሞላቸው ከአየር መንገድ በረራ የሚወርዱት አብራሪዎች ናቸው፤ ለአስተናጋጅ ጣሪያ የለም። ድሮ ሴቶቹን 32 ወይም 35 ሲሞላቸው የሚያሰናብቱ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ያ በ1960ዎቹ መጨረሻ ቀረ። ከ40 ዓመት በላይ የሆነን ሰው በዕድሜው ብቻ ማግለልን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1967 ነው። ቤቲ ናሽ በ1957 በኢስተርን አየር መንገድ ጀመረች፤ በ2024 በ88 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ጡረታ አልወጣችም። የምትመላለሰውም በዋሽንግተንና በቦስተን መካከል ነበር፣ እዚሁ አጠገባችን። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቡና ቁርስ፦ እኔ 47 ነኝ። ዕድሜዬ ችግር ይሆን?

ጃምፕሲት፦ ከላይ ተመልሷል።

ጉልበቴን፦ እትዬ፣ ጉልበቴን አልፎ አልፎ ያመኛል። ሰው ሁሉ ጋሪው ከባድ ነው ይላል፣ እውነት ነው?

ጃምፕሲት፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ጋሪው ከባድ ነው፤ የሞላ ትልቅ ጋሪ 100 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። አውሮፕላኑም ከፍታውን ይዞ ሲበር አፍንጫው ሁለት ሦስት ዲግሪ ቀና ስለሚል፣ ወደ ፊት መግፋት ዳገት መውጣት ነው። ግን ለሁለት ይገፋል፤ ሲቆም ቀዩን ፔዳል መርገጥ፣ ሲሄድ አረንጓዴውን። ጉልበትን የሚፈትነው በሩ ነው።

ቦይንግ 737ን ውሰዱ። ስላይዱ፣ ማለትም በአደጋ ጊዜ ሰው ተንሸራትቶ የሚወርድበት የሚነፋው መንሸራተቻ፣ ተጣጥፎ በሩ ግርጌ ይቀመጣል፤ ጫፉ ላይ የብረት ዘንግ አለ። ከመነሳታችሁ በፊት ዝቅ ብላችሁ ዘንጉን ከበሩ አላቅቃችሁ ወለሉ ላይ ባሉት መያዣዎች ውስጥ ታስገባላችሁ፤ ቀዩን ማሰሪያ በመስኮቷ ላይ ትወጥራላችሁ። ስታርፉ መልሳችሁ ትፈታላችሁ። በቀን አራት በረራ ካለ ስምንት ጊዜ ዝቅ ማለት ነው፣ ያውም ጠባብ ቦታ ላይ። ዘንጉን ሳያነሳ በሩን የከፈተ ሰው ስላይዱን ውጭ ዘርግቶት ያርፋል፤ በረራውም ይዘገያል ወይም ይሰረዛል። ኤርባስ 320 ላይ ማንሻዋን ማዘዋወር ብቻ ነው።

የሥልጠናው ፈተና ደግሞ በሩን ለአደጋ መክፈት ነው። በመስኮቱ ውጭውን ማየት፤ እሳት ካለ አለመክፈት፤ እጀታውን አሽከርክሮ በሩን እስኪቆለፍ መግፋት፤ ስላይዱ በራሱ ቢነፋም ባይነፋም ቀዩን የመንፊያ እጀታ መሳብ፤ ከዚያ የግድግዳውን መያዣ ጨብጦ፣ መውጫውን ሳይዘጉ፣ ትእዛዙን መጮኽ። ሰው የሚወድቀው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ በክንድ ብቻ ይገፋና በሩ ሳይቆለፍ ይመለስበታል፤ በሰውነት ክብደት ነው የሚገፋው። ሁለተኛው ድምፅ ነው። እኛ በጨዋነት ለስለስ አድርገን መናገር ለምደናል። እዚያ ጨዋነት አይሠራም፤ ቃሉ አንድ ሳይዛነፍ፣ ከሆድ ወጥቶ መሰማት አለበት። አንድ የአውሮፕላን ዓይነት ፈቃድ የሚያገኘው ግማሹ በር ተዘግቶ ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችል ታይቶ ነው። ለ50 መቀመጫ ቢያንስ አንድ አስተናጋጅ የሚመደበውም ለሻይ አይደለም።

ዱባይ ነበርኩ፦ ገልፍ ላይ፣ እነ ዱባይ ጋ፣ ግን አሮጊት አይቀጥሩም፣ አትድከሙ።

የአትላንታው፦ «አሮጊት» ምን ማለት ነው? ትንሽ አክብሮት! አትላንቲክን በሚሻገሩት በረራዎች ላይ ሽበት የበዛው እኮ ስለሚያውቁ ነው።

ዱባይ ነበርኩ፦ እኔ ያየሁትን ነው ያልኩት ወንድሜ። እዚያ ቁመትና መልክ ነው የሚታየው።

ጃምፕሲት፦ የዱባዩ አየር መንገድ ኤምሬትስ በጽሑፍ ያስቀመጠው ዝቅተኛውን ነው፦ 21 ዓመት፣ 160 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ በጣት ጫፍ ቆሞ 212 ሳንቲ ሜትር መድረስ። ቀሪውን ክርክር ሌላ ቦታ። ረጅሙ በረራ ላይ ሽበት የበዛው ግን በምርጫ ቅደም ተከተል ነው፤ ቀድሞ የተቀጠረ ቀድሞ ይመርጣል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ታዲያ አዲስ ገቢ በዕድሜው ይከበራል?

ጃምፕሲት፦ አይከበርም። የ55 ዓመት አዲስ ገቢ ከ24 ዓመት ወጣት ነባር በታች ነው። መጀመሪያ የሚገባው ሪዘርቭ ላይ ነው፦ ሻንጣ ተዘጋጅቶ፣ ስልክ በእጅ፣ ሲደወል በሁለት በሦስት ሰዓት ውስጥ ኤርፖርት። ይህ ወራት ወይም ዓመታት ሊቆይ ይችላል። አንዳንድ አየር መንገዶች ግን በአንድ ቀን የተቀጠሩትን በልደት ስለሚደረድሩ ትልቁ የተሻለውን ቁጥር ያገኛል። ዕድሜ የሚጠቅመው እዚያች ላይ ብቻ ነው። ከበረራ ቀን በኋላ 10 ሰዓት ዕረፍት በሕግ አለ፤ የሆቴል መንገዱና ራቱ ከዚያው ስለሚቀነስ፣ እንቅልፉ ሰባት ሰዓት ከሞላ ጥሩ ነው።

ፀሐይ ነሽ፦ ከፍታው ለትልቅ ሰው አይከብድም?

ጃምፕሲት፦ የካቢኑ ግፊት ቢበዛ የ8,000 ጫማ ከፍታ ነው፤ አዲስ አበባ ቆሞ እንደመሥራት ማለት ነው። የሚከፋው ድርቀቱ ነው፤ ውሃ ጠጪ፣ መጭመቂያ ካልሲ አድርጊ። ስለ ልብሽ ሐኪምሽን ጠይቂ።

ጉልበቴን፦ ለጉልበቴ ሲቢዲ፣ ከካናቢስ ተክል የሚወጣውን ዘይት፣ በአፌ እወስዳለሁ።

ጃምፕሲት፦ አቁም። የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራው ማሪዋና ካሳየ «ሲቢዲ ነው» ማለት ተቀባይነት የለውም፤ ክልልህ ውስጥ ሕጋዊ መሆኑም አያድንህም። ጫት ልትጠይቁ ያሰባችሁም አትጠይቁ፣ አሜሪካ ውስጥ ክልክል ነው።

ቡና ቁርስ፦ ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያለኝ።

ጃምፕሲት፦ የመሥራት መብት አለሽ። ግን ኩባንያው ወደሚበርባቸው አገሮች ሁሉ መግባት መቻልን ይጠይቃሉ፤ ቪዛው እዚያ ላይ ያስቸግራል። ዜግነት ከቀረበ እሱን ጨርሺ። የ10 ዓመት የሥራ ታሪክሽንም ከአሁኑ ጻፊ፤ ክፍት የቀረ ጊዜ ካለ ማስረዳት አለብሽ።

ፀሐይ ነሽ፦ ደመወዙ ጥሩ ነው?

ጃምፕሲት፦ «ጥሩ» ስንት ነው? የሚቆጠረው የበረራ ሰዓት ነው፤ ሰው ሲሳፈር የቆማችሁበት በብዙ ቦታ አይከፈልም ነበር፤ ዴልታ አየር መንገድ በ2022 የሰዓቱን ግማሽ መክፈል ጀመረ። ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥቱን ጡረታ) በ62 የጀመራችሁ ደግሞ፣ ሙሉ የጡረታ ዕድሜ ከምትደርሱበት ዓመት በፊት ከዓመቱ ጣሪያ በላይ በምታገኙት በየ2 ዶላሩ 1 ዶላር ይያዝባችኋል።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ አሁን ገባሁ። 49 ነኝ። ዕድሜ ያግዳል? ሥራዬን ነገ ልለቅ ነው።

ጃምፕሲት፦ ከላይ አንብብ። ሁለቱንም።