ስለ «ማፊዮሶ» የጣሊያን ፊልም ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ የዳይሬክተር አልቤርቶ ላቱዋዳን «ማፊዮሶ» (1962 እ.ኤ.አ) ደጋግሜ ያየሁት ፊልም ስለሆነ ጥያቄ ያላችሁ ወርውሩ። መጨረሻውንም ስለማወራ ያላያችሁ ተጠንቀቁ።

ጥ፦ ታሪኩ ባጭሩ?

መ፦ ኒኖ የሚባል የሲሲሊ (የደቡብ ጣሊያን ደሴት) ልጅ ሰሜን ጣሊያን ሚላኖ መኪና ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ ነው። ሚስቱ ማርታ የሰሜን ልጅ ናት፣ እሷንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ ለእረፍት አገሩ ሊገባ ሲል አለቃው «ይቺን ለዶን ቪንቼንዞ አድርስልኝ» ብሎ አንድ እቃ ይሰጠዋል። ዶን ቪንቼንዞ የኒኖ አገር የማፊያ አለቃ ነው፣ በቃ ጣጣው ከዛ ነው የሚጀምረው።

ጥ፦ ኮሜዲ ነው ብለውኝ አይቼው መጨረሻ ላይ ሆዴ ባር ባር አለኝ፣ ምኑ ነው ኮሜዲ?

መ፦ እንደዛ እንዲሰማሽ ነው የተሰራው እህቴ። መጀመሪያ ላይ ግን የምር ያስቃል፣ ማርታ አማቾቿ ቤት ምሳ በልታ ሲጋራ ስትለኩስ ቤተሰቡ እንዴት እንዳፈጠጠባት አስታውሺ፣ በኋላ ደግሞ የባሏን እህት የሮዛሊያን ጺም በሰም ነቅላላት ቤቱን በፍቅር ስትይዝ። አንቺ ከነሱ ጋር ተላምደሽ እየሳቅሽ ሳለ ነው ኒኖ በማፊያዎቹ ትእዛዝ ሳጥን ውስጥ ታሽጎ በአውሮፕላን ወደ ኒውዮርክ የሚላከው፣ እዛም ፀጉር ቤት ገብቶ የማያውቀውን ሰው ገድሎ ይመለሳል።

ጥ፦ ለምን እምቢ አላለም ግን? ሚስት አለው ልጅ አለው ስራ አለው

መ፦ የፊልሙ ልብ ይሄ ነው ወንድሜ። ዶን ቪንቼንዞ እኮ እንደ አባት ነው የሚያናግረው፣ የቤተሰቡ የመሬት ግዢ ሲጣበቅባቸው ያስተካከለላቸውም እሱ ነው፣ ኒኖ ደግሞ በልጅነቱ ለማፊያዎቹ ሲላላክ የኖረ ልጅ ስለሆነ እጁን የሚስመው ከልቡ ነው። ውለታ ሲጠየቅ በየት በኩል እምቢ ይላል? እኔን ከየትኛውም ተኩስ በላይ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፣ የሚያከብሩትና የሚወዱት ሰዎች ናቸው ያስገደሉት።

ጥ፦ ተመልሶስ ምን ሆነ?

መ፦ ምንም! አደን ሄጄ ነበር ይላል፣ ከዛ ፋብሪካው ይመለሳል። እዛ በስህተት የወሰደውን እስክሪብቶ ለባልደረባው ሲመልስለት ሰውየው ታማኝነቱን ያደንቅለታል። ማንም አያውቅበትም ማንም አይቀጣውም፣ ለኔ ከዚህ የከበደ ቅጣት የለም።

ጥ፦ ተዋናዩ ሲሲሊያዊ ነው?

መ፦ አይደለም፣ አልቤርቶ ሶርዲ የሮም ልጅ ነው፣ ጣሊያኖች በኮሜዲ ነው የሚያውቁት። ማርታ ሆና የምትሰራው ኖርማ ቤንጌል ደግሞ ብራዚላዊት ናት።

ጥ፦ ሽልማት አግኝቷል? ጎድፋዘር ለሚወድ ሰውስ ይሆናል?

መ፦ በ1963 እ.ኤ.አ ስፔን ውስጥ በሚካሄደው የሳን ሴባስቲያን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት ወስዷል። ጎድፋዘርን በ10 ዓመት ይቀድመዋል፣ ግን ያንን ግርማ ፈልገህ አትግባ፣ ይሄ ስለ ተራ ሰራተኛ ነው። ደግሞ በሰብታይትል እየው እንጂ በሌላ ቋንቋ የተተረጎመ ድምፅ አትምረጥ፣ የሰሜኑና የደቡቡ አነጋገር ልዩነት ከጠፋ የማርታ ባይተዋርነት ግማሹ ይጠፋል።