ንግሥት ቶሎ ስትወጣ

ጥያቄ፦ ከጎንደር፣ አዘዞ ነው የምጽፍልዎ። ማታ ማታ ሊቼስ በተባለው የኢንተርኔት የቼዝ መጫወቻ ላይ የ3 ደቂቃ ቼዝ እየተጫወትኩ ንግሥቴን ቶሎ አውጥቼ አጠቃለሁ፤ ስሸነፍም ወዲያው ሌላ ጨዋታ እጀምራለሁ። ደረጃዬ ለምን አላደገም?

መልስ፦ የማጥቃት ፍላጎትዎን እወድልዎታለሁ፤ ሆኖም ንግሥትዎ በ2ኛው እርምጃ ኤች 5 (በኤች ዓምድ 5ኛው ካሬ) ላይ ስትቆም፣ ጥቁሩን የያዘው ተጫዋች በመጀመሪያ የኢ 5 ወታደሩን በፈረስ ይጠብቃል፣ ቀጥሎም የጂ ወታደሩን ወደ ጂ 6 ገፍቶ ያባርራታል፤ ወደ ኤፍ 3 ብትመለስም ሁለተኛው ፈረስ ኤፍ 6 ላይ ወጥቶ መንገዷን ይዘጋዋል። እርስዎ ንግሥትዎን ሲያሸሹ እርሱ ሁለት ፈረሶቹን አሰልፏል ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን እንደተሸነፉ ወዲያው የሚጀምሩት ጨዋታ ነው። ለእያንዳንዱ እርምጃ 10 ሰከንድ የሚጨመርበትን የ15 ደቂቃ ጨዋታ ይምረጡ፤ ከተሸነፉም የኮምፒውተሩን ትንተና ከመክፈትዎ በፊት የተሳሳቱበትን እርምጃ ራስዎ ፈልገው ያግኙት።