ጎልማሳውን የሚጥሉ በሽታዎች፦ ከኢሳን የሩዝ ማሳ እስከ ስሪላንካ፣ ጥያቄና መልስ

ስለ ሞቃታማው እስያ በሽታዎች፣ በተለይ ከ40 እስከ 60 ዓመት ያሉ ሰዎችን ስለሚያጠቁት፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ፣ ደስ ብሎኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ። አብዛኛው ምሳሌዬ ከሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ ኢሳን ከሚባለው የሩዝ አራሾች አገር ነው። በዚህ ዕድሜ ክልል ያሉ ገበሬዎች በምን እንደሚታመሙ እንደዚያ ለብዙ ዓመታት በትዕግሥት የተጠናበት ቦታ ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ የምንሰማው ስለ ሕፃናትና እናቶች ነው። ጎልማሳው ለምን ለብቻው ይጠናል?

ለሕፃናት መጨነቁ ልክ ነው፣ ማንም አይከራከርም። ግን የ48 ዓመት ገበሬ ሲሞት ቤቱ አብሮ ይወድቃል። ልጆቹ ትምህርት ያቋርጣሉ፣ ለሕክምና የተበደሩት ዕዳ ይቀራል፣ የሚጦሩት ሽማግሌዎችም ያለ ደጋፊ ይቀራሉ። ሌላው ምክንያት የበሽታዎቹ ጠባይ ነው። አንዳንዶቹ በልጅነት ገብተው ለ30 ዓመት ድምፅ ሳያሰሙ ይቆዩና በጎልማሳነት ይፈነዳሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሰውነት በስኳር ወይም በመጠጥ እስኪዳከም ይጠብቃሉ። ሁለቱንም ከዚህ በታች ታገኟቸዋላችሁ።

ጥያቄ፦ ዓሣ በልቶ ካንሰር ይይዛል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ግን ስለ ጥሬ ዓሣ ነው የምናወራው፣ ያውም ከሜኮንግ ተፋሰስ ወንዞችና ኩሬዎች የሚወጣው። በኢሳንና በላኦስ ኮይ ፕላ የሚባል ምግብ አለ። ትንንሽ ጥሬ ዓሣ ተከትፎ በሎሚ፣ በቃሪያና በቅጠላ ቅጠል ይለወሳል። ዓሣው ውስጥ ኦፒስቶርኪስ ቪቨሪኒ የሚባል የጉበት ትል እጭ ሊኖር ይችላል። ሰው ሲበላው ትሉ ወደ ሐሞት ቱቦ ይወጣና እዚያው ይኖራል፣ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይም ይችላል። እንቁላሉ በሰገራ ይወጣል። ሰገራው ውኃ ውስጥ ከገባ ቀንድ አውጣ ይበላዋል፣ ከቀንድ አውጣው ወደ ዓሣው፣ ከዓሣው ተመልሶ ወደ ሰው።

ትሉ የቱቦውን ግድግዳ ያቆስላል፣ ቁስሉ ይድናል፣ ደግሞ ይቆስላል። በ2009 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የወጣ ጥናት እንዳሳየው ትሉ ራሱ ሕዋሳት እንዲራቡ የሚገፋ ፕሮቲን ያመነጫል። ከዚያ በፊት በ1970ዎቹ የታይላንድ ተመራማሪዎች ሃምስተር የሚባሉትን አይጥ መሰል እንስሳት በትሉ አስይዘው ናይትሮሳሚን የሚባለውን ኬሚካል ሲጨምሩላቸው የሐሞት ቱቦ ካንሰር መጣ። ናይትሮሳሚን ደግሞ በሚብላሉና በጨው በሚቆዩ ምግቦች ውስጥም ይገኛል። ኮን ኬን የሚባለው የኢሳን ክፍለ ሀገር በዓለም ከፍተኛው የሐሞት ቱቦ ካንሰር የተመዘገበበት ቦታ መሆኑ እንግዲህ በአጋጣሚ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 ይህን ትል ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። በዚያው ዓመት እዚያው ምድብ የገባው ሌላው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሁላችንም የምናማርረው የጨጓራው ባክቴሪያ ኤች ፓይሎሪ።

ጥያቄ፦ ሎሚው፣ ቃሪያው፣ አረቄውስ አይገድለውም?

አይገድለውም። የሚገድለው እሳት ነው። በደንብ ማብሰል።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እኛ ጥሬ ሥጋና ክትፎ የምንወድ ሰዎችስ? አስደነገጥከን እኮ!

አይዞህ ወንድሜ። ይሄ ትል ያለዚያ አካባቢ ቀንድ አውጣና ዓሣ ዑደቱን አይጨርስም። ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚመጣው ኮሶ ሌላ ነው፣ የሚኖረውም አንጀት ውስጥ እንጂ ሐሞት ቱቦ ውስጥ አይደለም። የሐሞት ቱቦ ካንሰር አያመጣም። ይህን ስል ግን ጥሬ ሥጋ ብላ ማለቴ አይደለም፣ ኮሶም በቂ ችግር ነው።

ጥያቄ፦ መድኃኒት ካለው ለምን እስካሁን አልጠፋም?

መድኃኒቱ ፕራዚኳንተል ነው፣ አገራችን ለቢልሃርዚያ የሚሰጠው ያው ክኒን። ትሉን በደንብ ይገድላል። ችግሩ ሰውዬው ክኒኑን ውጦ በሳምንቱ ሠርግ ላይ ኮይ ፕላ መብላቱ ነው። እንዲያውም መድኃኒት እስካለ ድረስ ልብላ የሚል አስተሳሰብ መጣ፣ ይህ ደግሞ ቱቦውን ደጋግሞ ማቁሰል ነው። ምግቡን አትብሉ ብሎ መቆጣት ብዙ አልሠራም። ጥሬ ዓሣ በጋራ የሚበላ የወዳጅነት ማዕድ ነውና እምቢ ማለት ያስቀይማል። እኛም ጋ ቁርጥ ቤት ገብቶ እኔ አልበላም ማለት ቀላል እንዳልሆነ አስቡት።

ለእኔ ከሁሉም የተሻለው ሥራ በኮን ኬን በላዋ ሐይቅ ዙሪያ የተደረገው ነው። የኮን ኬን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከመንደሩ የጤና በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው ሰዎችን አከሙ፣ ትምህርት ቤት ገብተው ልጆችን አስተማሩ፣ ዓሣውንና ቀንድ አውጣውን እየተከታተሉ መረመሩ። ትሉም በሰውም በዓሣውም ላይ በጣም ቀነሰ። አንዱን ብቻ ይዘው ቢሆን ኖሮ ይሳካ ነበር ብዬ አላምንም።

ጥያቄ፦ ቀንድ አውጣውን እንደ እኛ በእንዶድ መፍጀት አይቻልም?

ጥያቄሽ ደስ ይላል እህቴ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ያዩት ነገር ትልቅ ነበር፣ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ቦታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መብዛታቸውን። ኢሳን ላይ ግን እንዶድ ዓሣም ይገድላል፣ ሰዎቹ ደግሞ የሚኖሩት በዓሣው ነው። ጎርፍ ሲመጣም ሩዝ ማሳው፣ ኩሬውና ወንዙ አንድ ይሆናሉ፣ የቱን ረጭተሽ ትጨርሻለሽ?

ጥያቄ፦ ሐኪም ነኝ። ስለ ሜሊዮይዶሲስ ትንሽ በለን፣ ትምህርት ቤት አንድ መስመር ነው የተማርነው።

ከአንድ መስመር በላይ ይገባዋል። አምጪው አፈርና ውኃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። መጀመሪያ የተገለጸው በ1912 ራንጉን፣ በርማ ውስጥ ነው። በሩዝ ማሳ በባዶ እግሩ የሚሠራ ሰው በቁስል፣ በሚጠጣው ውኃ ወይም በዝናብና በነፋስ ወቅት በአየር ይይዘዋል። ዝናብ ሲገባ ታማሚው ይበዛል። በብዛት የሚጠቃው ከ40 እስከ 60 ያለው ነው። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ስኳር አለባቸው፣ ብዙዎቹም ስኳር እንዳለባቸው የሚያውቁት በዚሁ በሽታ ሆስፒታል ሲገቡ ነው።

አመጣጡ መልከ ብዙ ነው። የሳንባ ምች ይመስላል፣ ቲቢ ይመስላል፣ ጉበትና ጣፊያ ላይ መግል ይቋጥራል፣ ደም ይመርዛል። ላብራቶሪው ካልቸር ላይ (ናሙናውን አሳድጎ ሲመረምር) ቢያየውም ባክቴሪያውን የማያውቅ ሰው ከውጭ የገባ ቆሻሻ ነው ብሎ ሊጥለው ይችላል። ጀንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም። ሁላችንም የምናዘው ሴፍትሪያክሶንም አያስተማምንም። በኢሳኗ ኡቦን ራቻታኒ የተደረገው ጥናት በ1989 ሲወጣ ሴፍታዚዲም የሚባለው አንቲባዮቲክ የከባድ ታማሚዎችን ሞት ከ74 ወደ 37 በመቶ አወረደው። በአንድ መድኃኒት ለውጥ ብቻ! ከመርፌው በኋላ ደግሞ ለሦስት ወር ያህል ኮትሪሞክሳዞል የሚባል ክኒን መዋጥ አለ፣ ያ ከተቋረጠ ይመለሳል። በ2016 የወጣ ግምት በዓለም ላይ በዓመት 165 ሺህ ሰው እንደሚይዝና 89 ሺህ እንደሚገድል ይናገራል። ይህን ያህል ሰው የሚገድል በሽታ እስካሁን የተፈቀደ ክትባት የለውም። ይሄ ያናድደኛል፣ አልደብቅም።

ጥያቄ፦ የስሪላንካው የኩላሊት ነገር ምክንያቱ ታወቀ?

አንድ ቁርጥ ያለ መልስ የለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአኑራዳፑራና በፖሎናሩዋ አካባቢ ስኳርም ደም ግፊትም የሌለባቸው ሩዝ አራሾች፣ በተለይ ወንዶች፣ በጎልማሳነታቸው ኩላሊታቸው እየሟሸሸ መጣ። ፍሎራይድና ሌላ ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውኃ፣ የእርሻ ኬሚካል፣ ካድሚየም የሚባለው መርዛማ ብረት፣ ሙቀትና የውኃ ጥም ሁሉም ተጠርጥረዋል። እኔ ከአንድ በላይ ምክንያት ተደራርቦ ነው ባይ ነኝ። በመካከለኛው አሜሪካ የሸንኮራ አገዳ ቆራጮችም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የተመለሱ የኔፓል ሠራተኞችም ኩላሊታቸው እየደከመ መምጣቱ ተጽፏል። ስለዚህ እዚያ ፀሐይ ላይ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ውኃ በየሰዓቱ ጠጡ፣ ጥላ ፈልጋችሁ ዕረፉ፣ ወገቤን አመመኝ ብላችሁ የሕመም ማስታገሻ በየቀኑ አትዋጡ። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስትመጡ ክሬአቲኒን የሚባለውን የኩላሊት የደም ምርመራ ተመርመሩ።

ጥያቄ፦ ቀጭን ነኝ፣ ስኳር አይነካኝም አይደል?

ይነካል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2004 ለእስያውያን ክብደትን ከቁመት ጋር በሚያመዛዝነው ልኬት (BMI) 25 ሳይደርስ 23 ላይ ማስጠንቀቂያ የጨመሩት በምክንያት ነው። ሆድ አካባቢ የተጠራቀመ ስብ በሚዛን ላይ አይታይም። ለልብም ያው ነው፣ በ2007 የወጣ የብዙ አገሮች ጥናት ደቡብ እስያውያን የመጀመሪያው ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የሚያጋጥማቸው በ53 ዓመት አካባቢ መሆኑን አሳይቷል፣ ከሌሎች ወደ 6 ዓመት ቀድሞ።

ጥያቄ፦ ለሥራ ኡቦን ልሄድ ነው፣ 51 ዓመቴ ነው፣ ስኳር አለብኝ። ምን ላድርግ?

እርስዎ ይጠንቀቁ ጋሼ። በዝናብ ወቅት ጭቃና ማሳ ውስጥ ከገቡ ቦት ጫማና ጓንት ያድርጉ። ቁስል ካለ ይሸፍኑት። የሚጠጡት ውኃ የፈላ ወይም የታሸገ ይሁን። ስኳርዎን ከመሄድዎ በፊት ያስተካክሉ። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ቢመጣ፣ ከወራት በኋላም ቢሆን፣ ለሐኪምዎ ኡቦን እንደነበሩ ይንገሩ። ዓሣውን ደግሞ የተጠበሰውን ይዘዙ፣ በጨው ተለብጦ በከሰል የሚጠበሰው እጅ ያስቆረጥማል።