በአዲስ አበባ ዳርቻ አበባ ማልማትና ፎቶ ማንሳት፦ ጥያቄና መልስ

የአትክልት ወዳጆች ቡድናችን አባላት ክረምቱ ሲወጣ ጥያቄዎቻችሁን እንድመልስ በጠየቃችሁኝ መሠረት፣ ከሰንዳፋ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከለገጣፎና እዚሁ ሱሉልታ ካሉ ጎረቤቶቼ የደረሱኝን ከዚህ በታች መልሻለሁ። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌአለሁ። የግብርና ባለሙያ አይደለሁም፤ የምጽፈው ከእንጦጦ ጀርባ ባለችው ግቢዬ 18 ዓመት ስሠራ የተሳካልኝንና ብዙውን ጊዜ ደግሞ የተበላሸብኝን ነው። ብዙዎቻችሁ ስለ ተክሉና ስለ ፎቶው ለየብቻ ጠይቃችኋል፤ እኔ ግን ሁለቱን መለየት ካቆምሁ ቆይቻለሁ። መደብ ስቆፍር የጠዋት ፀሐይ ከየት እንደምትመጣና ከአበባው ጀርባ ምን እንደሚታይ ሳላይ ዶማ አላነሳም።

ከሰንዳፋ፦ ጋሼ፣ ግቢያችን ጥቁር መረሬ አፈር ነው። ጽጌረዳ በተከልሁ ቁጥር በነሐሴ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይሞትብኛል። ጉድጓዱን በጥልቀት ቆፍሬ ጥሩ አፈር ብሞላበትም አልተለወጠም። ምን ጎደለው?

የጎደለው አየር ነው እንጂ ምግብ አይደለም። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል የነበረውም ክፍተት በውሃ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ሥሩ መተንፈስ ያቅተዋል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ብዙ ሰው ተርቧል ብሎ ዩሪያ ይጨምርበታል፤ ይህ የታፈነን ሰው እንጀራ ብላ እንደማለት ነው።

ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ለም አፈር መሙላትዎ ደግሞ ነገሩን አባብሶታል፤ ይህን ስሕተት እኔም ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ዓመት 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ ስድስት ጉድጓዶች አስቆፍሬ ከጫካ ያመጣሁትን አፈር ሞላሁባቸው። በነሐሴ አጋማሽ አንዱን በዱላ ስወጋው ዱላው እስከ ግማሹ እርጥብ ሆኖ፣ እንደ ረጋ ኩሬ እየሸተተ ወጣ። ዙሪያው ውሃ የማያሳልፍ ጭቃ፣ መሐሉ ውሃ የሚቀበል ልል አፈር በመሆኑ ጉድጓዱ ባልዲ ሆኖ ነበር። ስድስቱም ሞቱ።

ስለዚህ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ይሥሩ። ከመሬቱ 30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ በድንጋይ ከበው፣ የራስዎን አፈር ከበሰለ ፍግና ከኮምፖስት ጋር ቀላቅለው ይሙሉት፤ በመደቡ ግራና ቀኝም ውሃው የሚወርድበት ቦይ ያውጡ። ገበሬዎቻችን በመረሬ ላይ ሲዘሩ ውሃ የሚያጠነፍፉት በዚሁ መንገድ ነው። አፈሩን ለማላላት ብለው ጥቂት አሸዋ አይጨምሩበት፤ መረሬና ትንሽ አሸዋ ሲደርቁ ጡብ ይሆናሉ። ቀይ አሽ (ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ካገኙ ለማሰሮ ተክል ጥሩ ነው።

ከሱሉልታ፦ ኅዳር ላይ ዳሊያዬና ጀራኒየሜ በአንድ ሌሊት እንደተቀቀለ ጎመን ጠቆሩ። በአጥር ማዶ ያለው የጎረቤቴ ግን ምንም አልሆነም። ለምን?

ጎረቤትዎ ከእርስዎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሳይሆኑ አይቀሩም። ውርጭ የሚመታው ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው፤ መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል፣ የቀዘቀዘውም አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ፈስሶ ዝቅ ባለው ስፍራ ይተኛል። ድፍን የሆነ የግንብ አጥር ደግሞ ይህንኑ ቀዝቃዛ አየር ገድቦ ያቆየዋል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ከዋለ መደቡን ከሰዓት በኋላ ያጠጡት፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ሲመሽ በእንጨት ላይ ያረጀ ጋቢ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ይዘርጉበትና ጠዋት ያንሱት። ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ፤ የነካበት ቦታ ይጎዳል። የጠቆረውን ክፍል ወዲያው አይቁረጡት፤ የውርጩ ወራት እስኪያልፍ ድረስ ከሥሩ ላለው ልብስ ይሆነዋል። ዳሊያው ደግሞ ድንች መሰል ሥሩ ከመሬት ውስጥ ስላለ በበልግ ዝናብ ይመለሳል።

ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ግን፣ ልቤ እያዘነም ቢሆን እመሰክራለሁ፣ በአበባ ቅጠል ጠርዝ ላይ እንደ ጨው የተዘራ ውርጭ የሚያህል ውበት የለም። ፀሐይዋ ከነካችው በኋላ ግን ብዙ ደቂቃ አይቆይም፤ እንቅልፍ የሚያምረው ሰው አያገኘውም።

ከለገጣፎ፦ ቀይ ጽጌረዳዬን በስልክ ሳነሳ ቅርጽ የሌለው ቀይ እድፍ ይመስላል። የአበባው ቅጠሎች እርስ በርሳቸው አይለዩም። ስልኬ መጥፎ ስለሆነ ነው? የትኛውን ልግዛ?

ምንም አይግዙ። ስልኩ የሥዕሉን ብርሃን የሚለካው በጠቅላላው ነው፤ አረንጓዴው ቅጠልና ጥላው ጨለም ስለሚሉ ብርሃን ይጨምራል፣ ቀዩ ግን አስቀድሞ ሞልቶ ነበርና ይፈስሳል። በአበባው ላይ ያለው ደማቅና ደብዛዛ ቀይ ሁሉ አንድ ቀይ ሆኖ ይቀራል። የቢጫም ጠባይ እንዲሁ ነው። መፍትሔው ጣትዎን በአበባው ላይ ተጭነው ማቆየትና የፀሐይ ምልክቷ ስትወጣ ወደ ታች መሳብ ነው። ሥዕሉ ትንሽ የጨለመ እስኪመስልዎ ድረስ ይሳቡት፤ የጨለመውን በኋላ ማብራት ይቻላል፣ የፈሰሰውን ቀለም ግን የሚመልሰው የለም።

ሁለተኛው ነገር ሰዓቱ ነው። እኛ ያለነው ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ ከፍተኛ ቦታ ነው፤ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። በዚያን ጊዜ የላይኛው ቅጠል ያበራል፣ የታችኛው ጥቁር ጥላ ውስጥ ይገባል። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው የጠዋት ብርሃን ግን ከጎን ስለሚመጣ የእያንዳንዱን ቅጠል እጥፋት ያሳያል፤ ነፋሱም ገና አልተነሳም።

ቀትር ላይ ማንሳት ግድ ከሆነብዎ ነጠላ ያምጡ። ይህን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው፤ ባለቤቴ አጥባ በገመድ ያሰጣችው ነጠላ በአንድ ሮዝ ጽጌረዳ ላይ ጥላውን ጥሎ ሳየው፣ ያ የሚያቃጥለው ብርሃን ወተት የተቀላቀለበት ያህል ለስልሶ ነበር። አሁን ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ከአበባው በላይ አንድ ክንድ ከፍ አድርጎ ይዘረጋልኛል። ጥለቱን ግን ከአበባው ያርቁት፤ ደማቅ ጥለት በቅጠሎቹ ላይ ቀለሙን ያሳርፋል።

በመጨረሻም በጣም አይጠጉ። ስልኮች ከተወሰነ ርቀት በታች አጥርተው አያዩም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው በስልኩ ማቅረቢያ (ዙም) ሁለት እጥፍ ቢያቀርቡት ይሻላል።

ከቡራዩ፦ ከአክስቴ ግቢ ሰማያዊ ሆኖ ያየሁትን ሃይድራንጃ ቆርጬ ተከልሁ፤ እኔ ጋ ሮዝ ሆኖ አበበ። ተለውጦብኝ ይሆን?

ተክሉ ያው ነው፤ የተለወጠው አፈሩ ነው። ሃይድራንጃ ሰማያዊ የሚሆነው አፈሩ ኮምጣጣ ሲሆንና በአፈሩ ያለውን አሉሚኒየም መውሰድ ሲችል ነው፤ ኮምጣጣነቱ ሲቀንስ ወደ ሮዝ ያደላል። የምድጃ አመድ በሥሩ እንደሚደፉ ጽፈዋል፤ አመድ ኮምጣጣነቱን ይቀንሳልና ምክንያቱ እርሱ ሳይሆን አይቀርም። አመዱን ለሌላ ተክል ያድርጉት፤ ቀለሙ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ነጩ ዓይነት ግን ምንም ቢደረግ ሰማያዊ አይሆንም።

ከሰበታ፦ አደይ አበባን በግቢ ማብቀል ይቻላል? ከሜዳ ነቅዬ ባመጣሁት ቁጥር ይጠወልጋል።

ይቻላል፤ በመንቀል ግን አይደለም። አደይ አበባ የአንድ ዓመት ተክል ነው፤ ሲያብብ ዕድሜውን ወደ መጨረሱ ነው፣ በዚያ ሰዓት ሥሩን መንካት አይወድም። አበባው ደርቆ ዘሩ ጠቁሮ ሲበተን፣ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር፣ ከአካባቢዎ ሜዳ ጥቂት ራሶችን ለቅመው በወረቀት ያስቀምጡ። ልብስ ላይ ከሚሰካው ከየሰይጣን መርፌ ጋር አንድ ወገን ነውና ዘሩን አይተው አይገረሙ። የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር፣ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ፣ ጫር ጫር ባደረጉት መሬት ላይ ይበትኑት፤ በጥልቀት አይቅበሩት፣ ፍግም አያብዙበት። ፍግ የበዛበት አደይ ቁመቱ ይረዝማል፣ አበባው ያንሳል።

ትልቁ ጠላቱ አረም የሚያርም ሰው ነው። በሐምሌ ከማንኛውም አረም አይለይም። አንድ ዓመት የቀን ሠራተኛ አስገብቼ ግቢው ሲጸዳ ቡና እየጠጣሁ ተቀመጥሁ፤ ስወጣ ለመስከረም የጠበቅሁት ሁሉ በአጥሩ ሥር ተከምሯል። ሰውየውን አልወቅሰውም፤ ያልነገርሁት እኔ ነኝ። አሁን ከዘራሁበት ዙሪያ አራት እንጨት ተክዬ ገመድ አስራለሁ።

ሲያነሱት ጎንበስ ይበሉ። ከላይ ወደ ታች የተነሳ አደይ በጭቃ ላይ የተበተነ ቢጫ ነጥብ ነው፤ ካሜራውን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው ወደ ላይ ቢያዩት ግን ክረምቱ ያጠበው ሰማይ ከጀርባው ይሆናል። አገዳው ቀጭን ስለሆነ ትንሽ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ካሜራ ካለዎት የመዝጊያውን ፍጥነት (ሹተር ስፒድ) ከ1/500 ሰከንድ አያሳንሱት፤ ስልክ ከሆነ ደግሞ ከሥዕሉ ውጭ በሚሆን እንጨት ላይ አገዳውን በልብስ መቆንጠጫ ለዘብ አድርገው ይያዙት።

ከሰንዳፋ፦ ፍልፈል የግላዲዮለሱን ሥር እየበላ ጨረሰብን። መርዝ ልጠቀም?

መርዙን ይተዉት፤ የተመረዘውን የሚበላው ውሻ ወይም ጉጉት ነው። መደቡን አንዴ ቆፍረው ከታችና ከጎን የዶሮ ሽቦ ያንጥፉበት፤ ቀዳዳው ጠባብ የሆነውን ይምረጡ። አድካሚ ነው፣ ግን ለዓመታት ያርፋሉ።

ከለገጣፎ፦ በባሕር ዛፍ አጥራችን ሥር ምንም አይበቅልም። ምን ብተክል ይሻላል?

ባሕር ዛፉ ውሃውን ይጠጣዋል፣ የሚረግፈው ቅጠሉም ለሌላ ተክል አይመችም። በመሬቱ ላይ ከመታገል ከአጥሩ ሦስት አራት ሜትር ራቁ፤ በአጥሩ ሥር ጀሪካን ቆርጣችሁ ጀራኒየም አኑሩበት። ጥቁር አረንጓዴው ባሕር ዛፍ ለፎቶ የሚሆን ጀርባ መሆኑን ግን አትርሱ። አበባው ከአጥሩ በራቀ መጠን ጀርባው ይደበዝዛል።

ከሱሉልታ፦ ለገና በዓል የራሴን ጽጌረዳ ጠረጴዛ ላይ ማድረግ እፈልጋለሁ። መቼ ልግረዘው?

እኔ ጥቅምት 25 አካባቢ እገርዛለሁ፤ እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ሳምንት ያህል አለው። ሞቃት በሆነው በቢሾፍቱ ወገን ከዚህ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። የእኛ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ተክሉ ይዘገያል፤ በዝግታ ያደገው እንቡጥ ግን ትልቅ ይሆናል፣ እንደ ሆለታ ባሉ ደጋ ቦታዎች የሚመረቱት ጽጌረዳዎች የአበባ ራሳቸው ትልቅ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። መቀሱን ይሳሉ፣ ወደ ውጭ ከሚያየው ዓይን (አዲስ ቅርንጫፍ ከሚወጣበት ጉብታ) ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው አግድም ሳይሆን ሰያፍ ይቁረጡ። በዚያ ሰሞን ውርጭ ስለሚኖር ከላይ የተናገርሁትን ጋቢ አይርሱ።

ከቡራዩ፦ እንቡጦቹን ክሽክሽ ወረራቸው። ምን ልርጭ?

በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው፣ ንቦች ከገቡ በኋላ አመሻሽ ላይ ከቅጠሉ ሥር ይርጩ፤ ጠዋት በንጹሕ ውሃ ያጥቡት። ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ካዩ ግን ምንም ሳይረጩ አንድ ሳምንት ይታገሡ፤ ክሽክሽ ቀለቧ ነው። ጥንዚዛዋ በእንቡጥ ላይ ስትወጣ ማንሳትም ደስ ይላል።

ከሰበታ፦ ነጩ ካላ ሊሊ በሳይንሳዊ ስሙ «ኤትዮፒካ» ይባላል አሉኝ። የእኛው አበባ ነው? ሳነሳውስ ለምን ግራጫ ይሆናል?

የእኛ አይደለም፤ አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው። ስሙን የሰጡት ሰዎች በዚያ ዘመን ከግብፅ በታች ያለውን አፍሪካ በሰፊው ኢትዮጵያ ይሉት ነበር። የእኛ ነው ብላችሁ ልትኮሩበት የምትችሉት ቀጋ ነው፤ በደጋችን በየአጥሩ የሚገኘው ባለ ነጭ አበባ የዱር ጽጌረዳ። ፍሬውን ልጅ ሳለን ያልበላ የለም፣ እሾሁም ከማንኛውም አጥር ይበልጣል፤ ሆኖም ግቢ ውስጥ ሲተክለው ያየሁት ሰው ጥቂት ነው።

ግራጫ መሆኑ የቀዩ ጽጌረዳ ተቃራኒ ነው። ነጭ አበባ ሥዕሉን ሲሞላው ካሜራው ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል፣ ነጩም አመድ ይመስላል። ስለዚህ እዚህ ላይ ጣትዎን ተጭነው የፀሐይ ምልክቷን ወደ ላይ ይሳቡ፤ በአበባው ላይ ያሉት ቀጫጭን ጅማቶች መጥፋት ሲጀምሩ ያቁሙና ጥቂት ይመልሱት። ቀጋ ሲሆን በመሐሉ ያሉት ቢጫ ዘንጎች መለኪያ ይሆኑልዎታል፤ እነርሱ ተለይተው እስከታዩ ድረስ ነጩም አልፈሰሰም።