«የትኛው ዓምድ ያምራል?» ብላ ለጠየቀችኝ ወጣትና ለእኩዮቿ

ልጆቼ፣

አንዲት ወጣት አርክቴክት ሰሞኑን እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ለአንድ ቪላ በረንዳ እየሣልኩ ነው። ከዶሪክ፣ ከአዮኒክና ከኮሪንቲያን የትኛው ያምራል?» በአንድ ቃል ልመልስላት ስል ቁጭት ያዘኝ። የእኔ ዘመን ሰዎች የግሪክን ዓምድ የተማርነው እንደ ባርኔጣ ነው፤ አናቱን አይቶ ስም ማውጣት። ትራስ ከመሰለ ዶሪክ፣ እንደ በግ ቀንድ ከተጠቀለለ አዮኒክ፣ ቅጠል ከበዛበት ኮሪንቲያን። ከአናቱ በታች ስላለው ማንም አልነገረንም፤ እኛም ለተከተሉን አልነገርንም። ስለዚህ ለእሷ የጀመርኩት ደብዳቤ ለሁላችሁም ሆነ።

ስሞቹን አትሸምድዱ፤ ስልካችሁ ያውቃቸዋል። ዓይናችሁን ከመሬት አስጀምሩ። የግሪክ ዶሪክ ጫማ የለውም፤ ከወለሉ በቀጥታ ይነሣል። ብዙውን ጊዜ በቁመቱ የተቦረቦሩ 20 ቦዮች አሉት፤ ሁለት ቦዮች የሚገናኙበት ጠርዝም ስለት አለው። አዮኒክ ግን በክብ መቀመጫ ላይ ይቆማል፤ ቦዮቹ በተለመደው አሠራር 24 ናቸው፤ በየመካከላቸው ጠፍጣፋ ክር ይቀራል። የዶሪክ ሹል ጠርዝ ሰው በሚተሻሽበት ቦታ ቶሎ ይሸረፋል። ለዚህ ነው ስቶዋ በሚባሉት ረጃጅም የገበያ አዳራሾች የዓምዱን የታችኛውን ክፍል ሳይቦረቡሩ የሚተዉት። አቴንስ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1956 እንደገና የተገነባው የአታሎስ ስቶዋ ይህንን በግልጽ ያሳያል።

ቀጥሎ ወገቡ። አቴንስ ውስጥ በአክሮፖሊስ ኮረብታ ላይ ያለው የፓርቴኖን መቅደስ፣ ዶሪክ ነው፣ ዓምዱ 10.43 ሜትር ይረዝማል፤ ከታች 1.9 ሜትር ያህል፣ ከላይ ደግሞ 1.48 ሜትር ያህል ይወፍራል። ከታች ወደ ላይ የሚቀጥነው በቀጥታ መስመር አይደለም፤ መስመሩ ወደ ውጭ በትንሹ ደገን ይላል። ይህ ኤንታሲስ ይባላል። ደገኑ እዚያ 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዛሬ በየሠፈሩ የማየው ግን መሐሉ ተነፍቶ በርሜል ያከለ ዓምድ ነው። ልብ በሉ፦ የፓርቴኖን ዓምድ በየትኛውም ከፍታ ላይ ከእግሩ አይወፍርም።

ይህን ኩርባ በእጅ እንዴት ይሥሉት እንደነበር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ዛሬ ቱርክ ውስጥ በሚገኘው የዲዲማ የአፖሎ መቅደስ ግድግዳ ላይ ግንበኞቹ የጫሩት ንድፍ ተገኘ። ስፋቱን በሙሉ ልኩ ይሥላሉ፤ ቁመቱን ግን 16 ጊዜ ያሳንሱታል፣ ማለትም አንድ ጫማ ቁመት በአንድ ጣት ይወከላል፣ አንዱ ጫማ 16 ጣት ነውና። ከዚያ ከታች እስከ ላይ አንድ የክብ ቅስት ይሳላል። ከየጣቱ ላይ የሚለካው ስፋት በእውነተኛው ዓምድ የየጫማው ስፋት ይሆናል። ገመድና መሮ ይበቃል። ኮምፒውተራችሁን አልጠላሁም፤ ግን ይህን አንድ ጊዜ በእጃችሁ ብትሠሩት ኩርባው ከየት እንደሚመጣ ይገባችኋል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፤ መጋጠሚያው።

የፓርቴኖን ዓምድ አንድ ወጥ ድንጋይ አይደለም። ከ10 እስከ 12 የሚደርሱ ከበሮ መሰል የፔንቴሊ እብነ በረድ ድንጋዮች ተደራርበው ነው የቆሙት፤ በመካከላቸው ቡኬት የለም። የየድንጋዩ ፊት በዳሩ ዙሪያ በደንብ ይለሰልሳል፤ ወደ ውስጥ ያለው ክፍል በጥቂቱ ዝቅ ይደረጋል። ጥብቅ የሚገጥመው ዳሩ ነው። ልካቸውን የሚፈትኑበት ዘዴ ቀላል ነበር፦ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ቀይ አፈር በዘይት ይቀቡና ድንጋዩ ላይ ያሻሹታል፤ ቀይ የያዘው ቦታ ከፍ ያለ ነው፣ ይጠረባል። መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ተፈልፍሎ የእንጨት ቁራጭ ይገባበታል፤ በቁራጩ ውስጥ ሌላ የእንጨት ዘንግ ይቆማል። ዘንጉ ክብደት አይሸከምም፤ የላይኛውን ድንጋይ መሐል ለመሐል ያስቀምጣል። ቦዮቹ ከላይና ከታች ብቻ ተጀምረው ዓምዱ ከቆመ በኋላ ይቦረቦራሉ፤ አለበለዚያ ሹሉ ጠርዝ ሲነሣና ሲወርድ ያልቃል። ሲሲሊ ውስጥ ያለው የሴጄስታ መቅደስ ሳይጨረስ ስለቀረ ዓምዶቹ እስከ ዛሬ ቦይ የላቸውም። ሥራው የት ላይ እንደቆመ ለማየት ከእሱ የተሻለ መማሪያ አላውቅም።

ግድግዳውንና በዓምዶቹ ላይ ያሉትን ድንጋዮች ደግሞ በብረት ያያይዟቸው ነበር። ግን ብረቱን እንዲሁ አይተዉትም፤ ዙሪያውን የቀለጠ እርሳስ ያፈሱበታል። እርሳሱ ውሃ ያግዳል፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣም በመጠኑ ይለመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1687 ቬኔስያውያን የተኮሱት ቦምብ በውስጡ የነበረውን የኦቶማን ባሩድ አፈንድቶ ፓርቴኖንን መሐል ለመሐል ከፈለው። በ1894 ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። ከ1898 ጀምሮ ጥገናውን የመራው ኒኮላኦስ ባላኖስ የሚባል መሐንዲስ ነበር፤ እስከ 1933 በየጊዜው ሠራበት። የሰሜኑን ረድፍ ዓምዶች ከወደቁበት ያነሣው እሱ ነው፤ ዛሬ ሰው ፎቶ የሚነሣበትን መልክ በአብዛኛው የሰጠው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ሰነፍ አልነበረም፣ አላዋቂም አልነበረም። በዘመኑ ያለቀለት የሚባለውን ብረት ተጠቀመ፤ እርሳሱን ግን ተወው።

ብረት ሲዝግ ያብጣል። ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ያበጠ ብረት መውጫ ስለሌለው እብነ በረዱን ከውስጥ ሰነጠቀው፤ ለመደገፍ የገባው ብረት ከሁሉ የከፋ ጉዳት አደረሰ። ሁለተኛው ስሕተት ይበልጥ ያስቆጨኛል፦ ድንጋዮቹን እንደ ጡብ ተለዋዋጭ አድርጎ ቆጠራቸው። የፓርቴኖን ወለል ጠፍጣፋ አይደለም፤ በረጅሙ ጎን መሐሉ ከጫፎቹ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ዓምዶቹም ቱንቢ የጠበቁ አይደሉም፤ ወደ ውስጥ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ያዘነብላሉ። ስለዚህ የታችኛው ድንጋይ አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ብሎ ነው የተጠረበው፤ የአንዱ ዓምድ ድንጋይ በሌላው ላይ ቢጫን ይቀመጣል፣ ግን አይገጥምም።

እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመው የአክሮፖሊስ ጥበቃ ኮሚቴ ይህን ሁሉ መፍታት ነበረበት፦ ድንጋይ ማውረድ፣ የዛገውን ብረት ማውጣት፣ እየለኩ የየራሱን ቦታ መፈለግ፣ በማይዝገው ቲታኒየም ማያያዝ። ጥገናው ራሱ ጥገና ጠየቀ፤ ከመጀመሪያው ግንባታ እጅግ የበለጠም ጊዜ ወሰደ። ዋናው ሕንፃ ከ447 እስከ 432 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ በ15 ዓመት ያለቀ ነው።

ኦሊምፒያ ያለው የሄራ መቅደስ ዓምዶቹ መጀመሪያ የእንጨት እንደነበሩ ይታመናል፤ ሲያረጁ አንድ በአንድ በድንጋይ ተተኩ፣ ስለዚህም አንዱ ከሌላው አይመስልም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው ክፍለ ዘመን የጎበኘው ግሪካዊው ተጓዥ ጸሐፊ ፓውሳንያስ አንድ የኦክ እንጨት ዓምድ ገና ቆሞ አይቷል። በዶሪክ ጣሪያ ሥር የሚንጠለጠሉት ትንንሽ የድንጋይ ጠብታዎች የእንጨት ሚስማር ትዝታ ናቸው የሚባለውም ለዚህ ነው። የአክሱምን ሐውልት ያየ ሰው ይህ አይገርመውም፤ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው የዝንጀሮ ራስም የእንጨት አግዳሚ ጫፍ ነው።

ወደ በረንዳው። ስም አትሸምድዱ ብዬ ነበር፤ ለሒሳቡ ግን ስሙ ያስፈልጋል። ዓምድሽ 3 ሜትር ይሁን። የፓርቴኖን ዶሪክ ቁመቱ የእግሩን ውፍረት 5.5 ጊዜ ያህል ነው፤ ስለዚህ 55 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያስፈልግሻል። ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ክብ ኮንክሪት አናት ላይ የዶሪክ ራስ ብትጭኚ ባርኔጣ ያደረገ መርፌ ነው የሚሆነው። እዚያው አክሮፖሊስ ላይ ያለው የኤሬክቴዮን መቅደስ አዮኒክ ግን 9 ጊዜ ተኩል ይጠጋል፤ 3 ሜትር ለዚህ ሲካፈል 32 ሴንቲ ሜትር ያህል ይመጣል። ኮንክሪትሽ 30፣ ልስኑ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር። ስለዚህ አዮኒክ፣ ከነመቀመጫው።

የማዕዘኑ ዓምድ ላይ ግን ተጠንቀቂ። የአዮኒክ ራስ ፊትና ጎን አለው፤ ማዕዘን ላይ ስታቆሚው አንደኛው መንገድ ጥቅልሉን ሳይሆን ጎኑን ያያል። ግሪኮች በማዕዘኑ ያለውን ጥቅልል በ45 ዲግሪ ወደ ውጭ አጥፈው ለሁለቱም ፊት አወጡለት። ስለዚህ ለጂፕሰም ሠሪው ሁለት ዓይነት ሻጋታ እዘዢ፤ አንዱ ለመሐሉ፣ አንዱ ለማዕዘኑ።